«ዳይስህ ያጭበረብራል» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ለዓመታት ጠረጴዛ ከበን፣ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነን የተጫወትነውን የሚና ጨዋታ ወደ ኮምፒውተር ጌም እየቀየርኩት ነው። ሕጉን እንዳለ ነው የገለበጥኩት። ባለ 20 ፊት ዳይስ ይጣላል፣ የገጸ ባሕርዩ ችሎታ ይደመርበታል፣ በቃ። የሞከሩት ሁሉ ግን «ዳይስህ ያጭበረብራል» ይሉኛል። አንዱማ 80 በመቶ ይመታል የተባለ ጥቃት ሦስቴ በተከታታይ ሲስትበት ጌሙን ዘግቶ ሄደ። ኮዱን ደጋግሜ አየሁት፣ ስህተት የለበትም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ኮድህ ልክ ነው፣ አምንሃለሁ። 80 በመቶ የተባለ ጥቃት ሦስቴ በተከታታይ የሚስተው ከ125 አንዴ ነው። ብርቅ ይመስላል። ግን አንድ ተጫዋች 200 ጊዜ ካጠቃ ይህ መዓት አንዴ ቢወርድበት አይገርምም።

ታዲያ ያው ዳይስ ጠረጴዛው ላይ ሰው ለምን አላስቀየመም? እስቲ አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ጨዋታውን በምመራበት ዘመን ዳይሴን የምጥለው ከካርቶን ጀርባ ነበር። አንድ ምሽት የጓደኛዬ ገጸ ባሕርይ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ለጭራቁ የጣልኩት ዳይስ 20 ሆኖ ቁጭ አለ። ቶሎ አነሳሁትና «ሳተህ!» አልኩ። ጓደኛዬ ከወንበሩ ተነስቶ ጨፈረ። አንተ ሕጉን ገለበጥክ እንጂ ከካርቶኑ ጀርባ የተቀመጠውን ሰውዬ አልገለበጥክም።

ትልልቆቹ ጌም ሠሪዎችም ይህ ሰውዬ ናፍቋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ፋየር ኤምብለም ሁለት የዕጣ ቁጥር አውጥቶ አማካያቸውን ይወስዳል። ስክሪኑ ላይ 90 የሚለው ጥቃት በተግባር 98 ገደማ ነው፤ 30 የሚለው ደግሞ 18 ገደማ። ባልደርስ ጌት 3 ላይ «ካርሚክ ዳይስ» የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ መጥፎ ዕድል እንዳይደራረብ ያደርጋል። ዶታ 2 ላይ 25 በመቶ የተባለ ነገር ከ8.5 ገደማ ይነሳና ባልተሳካ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል፤ ሲሳካ እንደገና ከታች ይጀምራል።

እኔ ለጥቃት የዶታውን መንገድ እመርጣለሁ። የፋየር ኤምብለሙ ደስ ይላል፣ ግን የተጻፈው ቁጥር ከነጭራሹ ሌላ ነው። በዶታው አማካዩ አይዋሽም። ያንተን 80 እንውሰድ። መጀመሪያ 75 በመቶ ስጠው፤ ከሳተ ቀጣዩ 100 ይሁን፤ ከመታ ወደ 75 ይመለስ። ብትደምር ብትቀንስ መጨረሻው በትክክል 80 ነው፤ ሁለቴ በተከታታይ መሳት የሚባል ነገርም የለም። ብልጥ ተጫዋች ግን ይነቃበታል፤ መሳቱን ደካማ ጠላት ላይ ያባክንና ለዋናው ጠላት የተረጋገጠ ምት ይዞ ይመጣል። እኔ ብሆን እተወዋለሁ፣ ብልጠቱ ራሱ ጨዋታ ነው።

በር መክፈት፣ ሰው ማሳመን፣ መዋሸት ላይ ግን ባለ 20ውን ተወው። እዚያ ዳይስ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር 5 በመቶ ነው፤ ዕድሜውን ቁልፍ ሲፈታ የኖረ ሌባ 1 ወጥቶበት ሲዋረድ ጀማሪው ከጎኑ 20 ያወጣል። ጠረጴዛ ላይ ይህ ያስቃል፣ ስክሪን ላይ ያናድዳል። ዲስኮ ኢሊሲየም እንደሚባለው ጌም ሁለት ባለ 6 ፊት ዳይስ ሞክር። 7 ወይም ከዚያ በላይ የማውጣት ዕድል 58 በመቶ ነው፤ ችሎታው በአንድ ሲያድግ 72 ይደርሳል። 12 ለሚጠይቅ በር ግን ያችው አንድ ነጥብ ከ3 ወደ 8 ብቻ ነው የምትወስደው። ችሎታ ዋጋ የሚያወጣው መሃል ላይ ነው፣ ጫፍ ላይ ዕድል ይፈርዳል።

ደግሞ በሩ እንቢ ሲል ዝም ብለህ «አልተከፈተም» አትበል። ተጫዋቹ ሴቭ ያደረገውን መልሶ ከፍቶ እስኪሳካለት ይጥላል፤ ያኔ ዳይሱ ዳይስ መሆኑ ቀረ። ይከፈት፣ ግን ይጩህ። ወይም ቁልፉ ውስጥ መፍቻው ይሰበርበትና ዘበኛው ጠዋት ያግኘው። ሴቭ ስታደርግ የዕጣውን መነሻ ቁጥርም አብረህ አስቀምጥ፤ መልሶ ቢጥል ያው ይወጣል።

ያ የጨፈረው ጓደኛዬ 20 መውጣቱን እስካሁን አያውቅም። ይህን ገጽ ካነበበ ይደውልልኛል።