የእናትሽ ዕቁብ ማሽን አይገዛበት

ከሰበታ ለጻፍሽልን እህቴ፣

በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሥራ ስታፈላልጊ ዓመት ከመንፈቅ እንደሆነሽ፣ ላለፉት ሦስት ወራት ደግሞ ከሰፈራችሁ ብር አንጥረኛ ዘንድ እየተቀመጥሽ ጌጥ መሥራት እንደጀመርሽ ነግረሽኛል። ወንድምሽ የእናታችሁ ዕቁብ በሚቀጥለው ወር ሲደርስ የብር መዳመጫ ማሽን (ብሩን በሁለት ጥቅል ብረቶች መሃል ጨፍልቆ የሚያሳሳ) ገዝተን ሱቅ እንክፈት ይላል። አክስትሽ «ዲግሪ ይዛ ቀጥቃጭ ሆነች» እያሉ ያሸማቅቁሻል። እኔ ግን ከደብዳቤሽ ሁሉ ዓይኔ ያረፈው በጨረፍታ በጻፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ «የምሠራው ቀለበት ሳጥፈው እየተሰነጠቀብኝ ተቸግሬአለሁ» ብለሻል።

የዕቁቡም ጥያቄ መልስ እዚያው አለ። ብር በተቀጠቀጠ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። በየመሀሉ በእሳት ካልለሰለሰ ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትጀምርና ስታጥፊው ትከፈታለች። ጥላ ያለበት ቦታ አሙቂው፤ በፀሐይ ቅላቱ ስለማይታይ ሳታውቂ ታቀልጪዋለሽ። ደብዘዝ ያለ ቅላት ሲያሳይሽ እሳቱን አንሺ፣ ቅላቱ ሲጠፋ ውኃ ውስጥ ክተቺው። ከዚያ ጆሮሽን ስጪ። የለሰለሰው ብር መዶሻ ሲያርፍበት ድምፁ ድፍን ነው፤ እየጠነከረ ሲመጣ ይጮኻል። መጮኽ ሲጀምር ወደ እሳት ይመለሳል። ይህን ጆሮ በገንዘብ የሚሸጥልሽ ሰው የለም።

ማሽኑም ብሩን እንደ መዶሻው ያጠነክረዋል፣ ያውም በፍጥነት። አሁን በእጅሽ የሚሰነጠቀው ብር ከማሽኑ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ተበጣጥሶ ይወጣል። ይህን የምክር ዓምድ ከመያዜ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በብረታ ብረት ወርክሾፕ ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ወራት ከሞረድ ሌላ ምንም አላስነኩኝም። ያኔ ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን አለሙያው ማሽን የገዙ ስንት ጓደኞቼ ማሽናቸውን በግማሽ ዋጋ ሲሸጡ አየሁ።

ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂው። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲቆም የቀሩትን ዙሮች ዕቁቡን ማን ይጥላል? ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ባለዕዳ ነው፤ ያ ገንዘብ የሌሎቹ ዕቁብተኞች ነው። እናትሽ ሳምንት በሳምንት እየጣሉ ሊከፍሉት የሚገባ ገንዘብ ላይ ሦስት ወር የሠለጠነ እጅ መወራረድ የለበትም። እሱ ሱቅ ከፈለገ በራሱ ገንዘብ ይክፈት።

አንቺ የሚያስፈልግሽ ለስላሳ ፊት ያለው መዶሻ፣ ትንሽ ሰንዳን፣ ሞረድ፣ የጌጥ መጋዝ፣ ጉጠትና የመዳብ ሽቦ ነው። ስድስት ወር በመዳብ ሥሪ፤ መዳብም እንደ ብር ይጠነክራል፣ በእሳትም ይለሰልሳል፣ ቢበላሽም አያስለቅስም። የቀለበት ልክ በግምት አይቆረጥም፦ የውስጡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 17 ሚሊ ሜትር፣ የብሩ ውፍረት 1.5 ከሆነ ሁለቱን ደምረሽ በ3.14 አባዢ፣ 58 ሚሊ ሜትር ያህል ትቆርጫለሽ። ስትበይጂም ብዙ መጋጠሚያ ካለው በከፍተኛ ሙቀት በሚቀልጠው መበየጃ ጀምሪ፤ አለበለዚያ ሁለተኛውን ስትበይጂ የመጀመሪያው ይፈታብሻል።

ዲግሪሽም ከንቱ አልቀረም። አንጥረኞች ለጌጥ የሚያቀልጡት ጠገራ ብር (የድሮው የማርያ ቴሬዛ ሳንቲም) 28 ግራም ቢመዝንም ከሺሕ 833 እጁ ብቻ ብር ስለሆነ የምታገኚው ንጹሕ ብር 23 ግራም ተኩል አይሞላም። በሙሉ ክብደቱ እንደ ንጹሕ ብር ገዝቶ የሚከስር አንጥረኛ ብዙ ነው። የሞረድ ብናኙን ቆዳ ዘርግተሽ ሰብስቢ፣ በየሳምንቱ መዝኚ፣ መዝግቢ።

አክስትሽን በተመለከተ፣ አንገታቸው ላይ ያለውን መስቀል የሠራው ቀጥቃጭ መሆኑን በአክብሮት ንገሪያቸው። ከዚያ በላይ አትከራከሪ።

ፒያሳ ወርቅ ቤት ስለመቀጠርሽም ጠይቀሻል። ከሠሪዎቹ ጋር የሚያስቀምጡሽ ከሆነ ደመወዙ ቢያንስም ሂጂ፤ ከመስታወቱ ኋላ ሻጭ ብቻ የሚያደርጉሽ ከሆነ ግን ከሰበታው አንጥረኛ ጋር ቆዪ።