ልጃችሁ ለየትኛው አገር ይሰለፍ? ከሉኦል ዴንግ መንገድ ለእኛ ቤት የሚሆን ምክር

ውድ ወገኖቼ፣ ቁመቱ ከአባቱ ያለፈ፣ እንቅልፍ እስኪጥለው ድረስ ቅርጫት ኳስ ከእጁ የማይለይ ልጅ ቤታችሁ ካለ ይህን ምክር ለእናንተ ነው የጻፍኩት። እዚህ ለንደን ቅዳሜ ከሰዓት በስፖርት አዳራሽ ወንበር ላይ ልጆቻቸውን ከሚጠብቁ ወላጆች ጋር ብዙ ዓመታት ተቀምጫለሁ። ጨዋታው ሲሞቅ ሁልጊዜ የሚነሳ ክርክር አለ። «ነገ ትልቅ ተጫዋች ቢሆን ለማን ነው የሚሰለፈው?» አንዱ «ላሳደገው አገር» ይላል፣ ሌላው «ለደሙ ነው እንጂ» ብሎ ይቆጣል። ልጁ ላቡን እየጠረገ ይሰማል። ከዚህ ክርክር በፊት ወላጅ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች ግን ሲነገሩ አልሰማም።

በዚህ ጉዳይ ከቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ከሉኦል ዴንግ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። ዴንግ እ.ኤ.አ. በ1985 በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ዋው ከተማ ተወለደ። አባቱ በሱዳን መንግሥት ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ተሰደደ። እዚያም በአሜሪካው የባለሙያዎች ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ታሪክ ከታዩት ረጃጅም ተጫዋቾች አንዱ የሆነው የአገራቸው ልጅ ማኑት ቦል ለዴንግ ቤተሰብ ልጆች ቅርጫት ኳስን አስተዋወቃቸው። ከግብፅ ቀጥሎ ጥገኝነት ያገኙት በእንግሊዝ ነው፤ ደቡብ ለንደን ገቡ። ዴንግ በብሪክስተን በአሰልጣኝ ጂሚ ሮጀርስ ሥር ተኮተኮተ፣ በ14 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተጫወተ፣ በ2004 ደግሞ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት የኤንቢኤ ምልመላ ሰባተኛ ሆኖ ተመርጦ ለቺካጎ ቡልስ መሰለፍ ጀመረ። በ2012 እና በ2013 በኮከቦች ጨዋታ ተሳትፏል።

የብሪታንያ ዜግነት ያገኘው በ2006 ነው። ለዜግነቱ የከፈለውን ዋጋ ልብ በሉ። በ2012 መጀመሪያ የግራ እጁ አንጓ ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምና ቢያደርግ የለንደን ኦሎምፒክ ሊያመልጠው ነው። ስለዚህ ሕክምናውን ትቶ፣ በተጎዳ እጁ የቺካጎን የውድድር ዘመን ጨርሶ፣ በዚያው በጋ የብሪታንያን መለያ ለብሶ ገባ። ቡድኑ በምድቡ ያሸነፈው ቻይናን ብቻ ነው፤ ሜዳሊያ የሚጠበቅበት ቡድንም አልነበረም። ስደተኛውን ልጅ የተቀበለችው ከተማ ግን ኦሎምፒክ ስታዘጋጅ እርሱ ሜዳው ላይ ነበር። ይህን ያደረገው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚከፈለውና አንድ ጉዳት ብዙ ሊያሳጣው የሚችል ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ለእኛ የበለጠ ይጠቅመናል። በ2019 ጫማውን ሲሰቅል የደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። ነፃነቷን በሐምሌ 2011 ያገኘችው አገር ደረጃውን የጠበቀ የቤት ውስጥ የቅርጫት ኳስ ሜዳ እንኳ አልነበራትም። ልጆቿ በአውስትራሊያ፣ በካናዳና በአሜሪካ ተበትነው ያደጉ ናቸው። ዴንግ እያንዳንዱን በስልክ እየፈለገ ሰበሰበ፣ የሆቴልና የአውሮፕላን ወጪያቸውን ከራሱ ኪስ ሸፈነ፣ በአንድ ወቅት እርሱ ራሱ በአሰልጣኝነት ቆመ። ልምምዱ ብዙውን ጊዜ በሌላ አገር ነበር። በ2023 የዓለም ዋንጫ ቻይናን፣ ፊሊፒንስንና አንጎላን አሸንፈው ከአፍሪካ ቀዳሚ በመሆን ለፓሪስ ኦሎምፒክ በቀጥታ አለፉ። በሐምሌ 2024 እዚህ ለንደን ከአሜሪካ ጋር ባደረጉት የወዳጅነት ጨዋታ በእረፍት 58 ለ42 ሲመሩ አዳራሹ ማመን አቅቶት ነበር። የተሸነፉት 101 ለ100፣ ያውም ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ሌብሮን ጄምስ ባስገባት ኳስ ነው።

ከሳምንት በኋላ በፈረንሳይ ሊል ከተማ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ጨዋታቸውን ሊያደርጉ ተሰልፈው ቆሙ። አዘጋጆቹ የሱዳንን ብሔራዊ መዝሙር ከፈቱ! ሸሽተውት የወጡትን አገር መዝሙር ማለት ነው። ጥቂት ሰከንዶች ተሰምቶ ተቋረጠ። ተጫዋቾቹ ከቦታቸው ንቅንቅ ሳይሉ ጠበቁ፤ በመጨረሻ ትክክለኛው መዝሙር ተገኘ። ከዚያም ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፉ። ከእነዚያ ተጫዋቾች የሚበዙት በኪሳቸው የሌላ አገር ፓስፖርት የያዙ ናቸው፤ በዚያች ደቂቃ የቆሙበትን ትዕግሥት ያየ ግን «እውነተኛ ዜጋ ማን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት የሚያገኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ ዴንግ ያሳደገውን አገር በጉልበቱ፣ የወለደውን አገር በገንዘቡና በእውቀቱ አገለገለ። አንዱ ከሌላው አልነጠቀም። እኛ ቤት ውስጥ ልጁን «ወይ ይህ ወይ ያ» ብለን የምናስጨንቀው ለምንድን ነው? ደግሞም ለብሔራዊ ቡድን መሰለፍ አገርን ማገልገያ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። የዓለም የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ሁለት የዕድሜ ድንበሮች አሉት። የመጀመሪያው 16 ዓመት ነው። ተጫዋቹ የአንድን አገር ሕጋዊ ዜግነት ያገኘው 16 ዓመት ከሞላው በኋላ ከሆነ በመርሕ ደረጃ ዜግነት እንደተሰጠው የውጭ ተጫዋች ይቆጠራል፣ አንድ ብሔራዊ ቡድን ደግሞ እንዲህ ያለ ተጫዋች መያዝ የሚችለው አንድ ብቻ ነው። በደቡብ ሱዳን ቡድን ያንን ቦታ የያዘው በአሜሪካ ሲንሲናቲ የተወለደው ካርሊክ ጆንስ ነበር። ሁለተኛው ድንበር 17 ዓመት ነው። ልጃችሁ 17 ከሞላው በኋላ በፊባ ዋና ውድድር ለአንድ አገር ከተሰለፈ ወደ ሌላ አገር ለመዞር የፊባን ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ከ18 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ጥሪ ሲመጣ በደስታ ብዛት «እሺ» ከማለታችሁ በፊት በቤተሰብ ተቀመጡና ተመካከሩ።

የእኛን አገር ሕግ ደግሞ በግልጽ እንነጋገርበት። ደቡብ ሱዳን ጥምር ዜግነትን ትፈቅዳለች፤ ኢትዮጵያ አትፈቅድም። በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከአባቱ ወይም ከእናቱ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ ቀዳሚው ጥያቄ ልጁ በተወለደ ዕለት ወላጆቹ የማን ዜጎች ነበሩ የሚለው ነው። ያኔ ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ በመኖሪያ ፈቃድ የምትኖሩ ከነበራችሁ ልጁ መብት አለው። ሁለታችሁም ቀድማችሁ የሌላ አገር ዜግነት ወስዳችሁ ከነበረ ግን ልጁ የሚያገኘው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ነው። ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ ኢንቨስት ያስደርጋል፤ ዜግነት ስላልሆነ ግን ለፊባ አይበቃም። ሰንደቅ ዓላማ ለብሶ ስታዲየም መግባትና ለዚያ ሰንደቅ ዓላማ መሰለፍ በሕግ የተለያዩ ናቸው።

በትውልድ መብት ያለው ልጅም ቢሆን ዕድሜ ልክ ሁለቱን ይዞ አይዘልቅም። አዋጁ ልጁ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚያጸና ካላሳወቀ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ፊባ «ከ16 በፊት ፍጠኑ» ይላል፣ የእኛ ሕግ ደግሞ በ19 ዓመቱ በሩን ይዘጋል። ይህ ያሳዝነኛል። ልጆቻችን እንደ ደቡብ ሱዳን ልጆች ተጠርተው እንዲመጡ ከፈለግን ሕጉ እንዲሻሻል በማኅበሮቻችን በኩል በአደባባይ መጠየቅ አለብን፤ እኔ በበኩሌ ከመጠየቅ አልቦዝንም። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ግን ሁለተኛ ፓስፖርት ደብቃችሁ ልጁን አታሰልፉ። ነገሩ የሚወጣው ልጁ ስም ባወጣ ማግስት ነው፣ የሚዋረደውም ልጁ ነው። በዕድሜም እንዲሁ ነው። በስደት ወረቀት ላይ ዕድሜ የተዛባባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ስህተት ካለ ልጁ ገና ታዳጊ ሳለ በሕግ አስተካክሉት እንጂ «ሁለት ዓመት ቢቀነስ ለምልመላ ይጠቅመዋል» የሚላችሁን ሰው ከቤታችሁ አስወጡ።

ስለ ሥራው ጥቂት ልበል። ለባለሙያ ተጫዋች ፓስፖርት የእንጀራ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ሊጎች ለውጭ ተጫዋቾች የቦታ ገደብ አላቸው። በስፔን በአውሮፓ ኅብረትና በአፍሪካ አገሮች ስምምነት ምክንያት የአፍሪካ ፓስፖርት ያለው ተጫዋች ከዚያ ገደብ ውጭ የሚመዘገብበት አሠራር ለብዙ ዓመታት ኖሯል። አንዳንድ አሜሪካውያን የአፍሪካ ፓስፖርት ፍለጋ የሚወጡት ለዚህ ነው። እናንተ ደግሞ በእጃችሁ ያለውን ዜግነት ስታስረክቡ ልጁ ላይ ምን እንደሚያስከትል ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ጀርመን ከሰኔ 2024 ጀምሮ ጥምር ዜግነትን ስለፈቀደች በእርሷ በኩል ያለው ችግር ተቃልሏል፤ በእኛ በኩል ያለው ግን አልተነካም።

ወኪል ከመጣ ፈቃዱን ጠይቁ። በፊባ ሥር የሚሠራ ወኪል ከተጫዋቹ ደመወዝ ከ10 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም፣ በኤንቢኤ ደግሞ ጣሪያው 4 በመቶ ነው። «የአገር ልጅ ነኝ» ማለት ፈቃድ አይሆንም። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ልጅ በቱርክም ይጫወት በጣሊያን ለአሜሪካ ግብር ማስታወቅ አለበት። ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራም ጉዳት ቢደርስ ደመወዙን ማን እንደሚሸፍን፣ መድኑ በማን ስም እንደተገባ በጽሑፍ ይቀመጥ። በዴንግ ደረጃ ላለ ተጫዋች መድኑ ራሱ ፌዴሬሽንን የሚያስጨንቅ ወጪ ነው። ትምህርቱንም አያቋርጥ፤ ዴንግ ወደ አሜሪካ ሲሻገር የገባው አዳሪ ትምህርት ቤት እንጂ ክለብ አልነበረም።

ልጁ ራሱ «ለተወለድኩበት አገር ነው የምጫወተው» ካለ አታኩርፉት። አያቱን በስልክ እያስለቀሳችሁ አታስፈራሩት። አማርኛውን አስተምሩት፣ ክረምት ሲመጣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ውሰዱት፣ ከሰፈር ልጆች ጋር አጫውቱት። ማኑት ቦል በስደት አገር የአገሩን ልጆች ኳስ ሲያስይዝ ስለ ዜግነት ንግግር ማድረጉን አልሰማሁም፤ ከእነርሱ አንዱ ግን አድጎ የአገሩን ፌዴሬሽን መራ።

ከሁሉ በፊት ግን ልጁ 15 ዓመት ሳይሞላው ሰነዶቹን ሰብስቡ። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በተወለደበት ጊዜ የነበራችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቅጂ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን፣ የዚያን ዘመን የመኖሪያ ፈቃዳችሁ፣ የሌላ አገር ዜግነት ከወሰዳችሁ ደግሞ የወሰዳችሁበትን ቀን የሚያሳየው ወረቀት። እነዚህን ይዛችሁ ወደ ኤምባሲው ሂዱ፣ የልጁ ሁኔታ በሕጉ ምን ላይ እንደሚያርፍ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።