«እንቢ አላልኩም» ማለት ፈቅጃለሁ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ሐዋሳ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ኮንትራቴ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ የሚፈርመውም ፈረቃ የሚያወጣውም ሥራ አስኪያጁ ነው። መታደሻው ሲቃረብ «ሐይቁ ዳር ሻይ እንጠጣ» ማለት ጀመረ። ሁለት ጊዜ አብሬው አደርኩ። አላስፈራራኝም፤ እኔም እንቢ አላልኩም። ለእናቴ ብር የምልከው እኔ ብቻ ነኝ። አሁን መቁረብ ፈራሁ። ኃጢአቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ «አላስፈራራኝም» ብለሽኛል። ነገር ግን ስለ ሻዩ ከመናገርሽ በፊት ስለ ኮንትራቱ ነገርሽኝ። እንጀራሽን በእጁ የያዘ ሰው ሊያስፈራራሽ አፉን መክፈት አያስፈልገውም።

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 ዳዊት ቤርሳቤህን ስትታጠብ አየና መልእክተኞች ልኮ አስመጣት። እሺ ትበል እንቢ፣ መጽሐፉ አንዲት ቃል አልጻፈላትም። ባሏ ዘምቷል፤ የላከባት ንጉሥ ነው። «ለምን እዚያ ታጠበች?» ሲባል ዐውደ ምሕረት ላይ ሳይቀር ሰምቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ነቢዩ ናታን እንዲህ አላለም። ባለጠጋው የድኻውን አንዲት በግ እንደ ነጠቀ ተረከና «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለው ንጉሡን ነው። በጊቱን የወቀሰ የለም። በመዝሙር 50 «ማረኝ» ብሎ ያለቀሰውም ዳዊት ነው።

«እንደ ሶስና እንቢ ባልሽ ነበር» የሚልሽ አይጠፋም። ሶስና እኮ ሁለት ሽማግሌዎች አብረሽን ተኚ ሲሏት እንቢ ብላ ሞት ተፈረደባት! የከሰሷት ሽማግሌዎችና ፈራጆች ስለ ነበሩ ጉባኤው ሁሉ አመናቸው። እግዚአብሔር ዳንኤልን ባያስነሣላት ተገድላ ነበር። ስለዚህ ዝምታሽን ፈቃድ አልለውም።

ምንም የለብሽም ብዬ ልሸነግልሽም አልፈልግም። ልብሽ የሚከስሽን ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ። ግን «ዝሙት ሠራሁ» ብለሽ ብቻ አትመለሺ፤ ኮንትራቱንም፣ ፈረቃውንም፣ እናትሽንም ንገሪያቸው። ይህን ካልሰሙ የእርሱንም ሸክም በቀኖና አንቺ ላይ ይጭኑታል። ከቁርባን መራቅን በራስሽ አትፍረጂ፤ እርሳቸው ይወስኑ። «ቻዪው» የሚል መልስ ከሰጡሽ ግን ሌላ አባት ፈልጊ። እኛ አገልጋዮችም በመንጋው ላይ ሥልጣን አለን፤ ሕዝቅኤል 34 ራሳቸውን ስለሚያሰማሩ እረኞች የተናገረው ለእኛም ነው።

ዳግመኛ ወደ ሥራ አስኪያጁ አትሂዪ። ሥራሽን ዛሬውኑ ልቀቂ አልልሽም፤ የእናትሽን ጓዳ አስባለሁ። የላከልሽን መልእክት አታጥፊ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 በአሠሪነቱ ወይም በኃላፊነቱ ተጠቅሞ ከሴት ጋር ግንኙነት የፈጸመን ይቀጣል፤ ክሱ የሚነሣው ግን በአንቺ አቤቱታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም አሠሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ከፈጸመ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ለቀሽ ካሳ እንድትጠይቂ ይፈቅዳል። መክሰስ ከይቅርታ ጋር አይጣላም። እርሱም ንስሐ ልግባ ቢል፣ ቀራጩ ዘኬዎስ ንስሐ ሲገባ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለ ያስብ፤ «አጠፋሁ» ብሎ እስክሪብቶውን እንደ ያዘ መቀመጥ ንስሐ አይደለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ፣ ሰው በሚያየን ቦታ እጠብቅሻለሁ። የምታምኛትን እኅት ይዘሽ ነዪ። ማውራት ካልፈለግሽም ይቅር፤ አልቀየምሽም።