ሽጉጥ ራስን ለመከላከል፦ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ይፈቅዳል? (ጥያቄና መልስ)

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች ስለ መሣሪያ ብዙ ጠይቃችሁኛል። የቻልኩትን እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛው ማሻሻያ የሚያወራው ስለ ሚሊሻ ነው። ቤቴን ለመጠበቅ ሽጉጥ መያዝ መብቴ ነው የሚባለው ከየት መጥቶ ነው?

በ1791 የጸደቀው ጽሑፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ስለ ሚሊሻ ትጀምርና ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ አይነካም ብላ ታበቃለች። ራስን መከላከል የሚል ቃል የለባትም። ነገሩ የለየለት በ2008 ነው።

ዲክ ሄለር ዲሲ ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። ሥራ ላይ ሽጉጥ ይታጠቃል፤ ቤቱ ሊያስቀምጥ ሲል ግን ተከለከለ። በዚያን ጊዜ የዲሲ ሕግ ቤት ውስጥ የተፈቀደን ጠመንጃ እንኳ ጥይቱ ወጥቶ፣ ወይ ተፈታትቶ ወይ ቃታው ተቆልፎ ይቀመጥ ይል ነበር። ሌሊት በር እየተሰበረ በጨለማ ቁልፍ መፈለግ ማለት ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 ለሄለር ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ስካሊያ መብቱ የግለሰብ ነው፣ እምብርቱም ራስን መከላከል ነው አሉ። ዳኛ ስቲቨንስ ደግሞ መብቱ ከሚሊሻ አገልግሎት አይነጠልም ብለው ተቃወሙ። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። ዛሬ የሚሠራው ሕግ ግን የስካሊያ ነው።

ጥያቄ፦ ለዲሲ ብቻ ነው?

አይደለም። በ2010 ማክዶናልድ የተባለ ሰው ቺካጎን በከሰሰበት ጉዳይ ለሁሉም ግዛት ሆነ።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ታክሲ እነዳለሁ። ይዤ መውጣትስ?

ወንድሜ፣ በ2022 ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 መብቱ ከቤት ውጭም ይሠራል አለ። ኒውዮርክ «ከሌላው ሰው የተለየ ምክንያት አምጣ» ትል ነበር፤ ያ ቀረ። ፈቃድ ማውጣት ግን አልቀረም። የእኛን ሰዎች የሚጎዳው ይሄ ነው። የቨርጂኒያ የመታጠቂያ ፈቃድህ የፖቶማክን ወንዝ ስትሻገር ዋጋ የለውም። ዲሲም ሜሪላንድም አይቀበሉትም። ድልድዩ ላይ ሕጋዊ ሰው ሆነህ ገብተህ ማዶ ስትደርስ ተከሳሽ ልትሆን ትችላለህ። እባክህ፣ ተሳፋሪ ከመጫንህ በፊት ይህን አስብ።

ጥያቄ፦ ዜጋ አይደለሁም። መግዛት እችላለሁ?

ግሪን ካርድ ካለህ፣ ሌላ ክልከላ ከሌለብህ፣ አዎ። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ከሆንክ በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ አይቻልም። የጥገኝነት ውሳኔ እየጠበቅህ ከሆነ ጠበቃ ሳታማክር ሱቅ እንዳትገባ። ሱቁ በሚሰጥህ ቅጽ 4473 ላይ እያወቁ ሐሰት መሙላት የፌዴራል ወንጀል ነው።

ጥያቄ፦ ባሌ እንዳይቀርበኝ ፍርድ ቤት አዟል። ሽጉጥ ግን አለው። መብቴ ነው ይላል።

እህቴ፣ ተሳስቷል። ፍርድ ቤት ቀርቦ የመደመጥ ዕድል አግኝቶ፣ ለደኅንነትሽ አደጋ ነው ተብሎ የእግድ ትእዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ መያዝ አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ2024 ራሂሚ በተባለ ሰው ጉዳይ 8 ለ1 አጽንቷል። ትእዛዙን ይዘሽ ለፖሊስ ንገሪ። ዛሬውኑ።

ጥያቄ፦ መኪናዬን ሲሰርቅ ያገኘሁትን ሌባ ብመታውስ?

እንዳታደርገው። ሽጉጥ የመያዝ መብት የመተኮስ ፈቃድ አይደለም። መቼ መተኮስ እንደሚቻል የሚወስነው የየግዛቱ የወንጀል ሕግ ነው። ባጠቃላይ ነፍስ የሚያጠፋ ኃይል የሚፈቀደው ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ፊትህ ሲደቀን ነው። ሜሪላንድ ደግሞ ከቤትህ ውጭ ከሆንክ፣ በሰላም መሸሽ ከቻልክ ሽሽ ትላለች። መኪናው ይሂድ፤ 911 ደውል።