ከመፈረምዎ በፊት

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንድ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በመዋቅር ለውጥ ምክንያት ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር እንደምሰናበት ተነገረኝ። የሰው ኃይል ክፍል የስንብት ክፍያውን ወረቀት በዚህ ሳምንት ፈርሜ እንድመልስ ያሳስበኛል። እህቴ «ነርሲንግ ተማሪና ተገላገይ» ትለኛለች። የእንግሊዝኛ አነጋገሬ ይሆን ጦሱ እያልኩም እብሰለሰላለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው፣ ከአነጋገርዎ ልጀምር። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ኒው ጀርሲ፣ ራህዌይ የሆነውን የመድኃኒት ኩባንያ መርክን ይመልከቱ። ኪትሩዳ የተባለው የካንሰር መድኃኒቱ በ2024 ብቻ 29.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተሸጧል። ይሁንና በ2028 የፓተንት ጥበቃው፣ ማለትም ሌሎች ተመሳሳዩን እንዳያመርቱ የሚከለክለው መብት፣ ያበቃል። ኩባንያው ይህ ቀን ሳይደርስ፣ በጁላይ 2025፣ በዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር ወጪ ለመቆጠብ 6,000 ያህል ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ። እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚሠሩት ሰዎች ድምፅዎን ሰምተው አያውቁም። ከቅርብ አለቃዎ ጋር የቆየ በደል ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለጠበቃ ይንገሩት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አይፈርሙ፤ ቢያንስ በዚህ ሳምንት። ዕድሜዎ ከ40 በላይ ስለሆነና የተቀነሱት በቡድን ስለሆነ፣ «ኩባንያውን በዕድሜ አድልዎ አልከስም» የሚል ውል ሲቀርብልዎ የፌዴራሉ ሕግ 45 ቀን ማሰቢያ ይሰጥዎታል። ከፈረሙ በኋላም በ7 ቀን ውስጥ መሻር ይችላሉ። ኩባንያው የተቀነሱትንና የቀሩትን ሠራተኞች የሥራ መደብና ዕድሜ ዝርዝር አያይዞ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠዎት ይጠይቁ።

የኒው ጀርሲ ሕግ ደግሞ ከ2023 ወዲህ ጠንክሯል። 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ኩባንያ በግዛቱ 50 እና ከዚያ በላይ ሰዎችን ሲያሰናብት የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመትም የአንድ ሳምንት ደመወዝ መክፈል አለበት። የእርስዎ 11 ሳምንት ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው ካጠረ 4 ሳምንት ይጨመራል። ይህ መብትዎ እንጂ ችሮታ አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ ያንኑ 11 ሳምንት ብቻ ሰጥቶ የመክሰስ መብትዎን የሚጠይቅ ከሆነ፣ «በምን ምትክ?» ይበሉ። አንድ የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ ለአንድ ሰዓት ማማከር ከሚያስወጣው በላይ ያተርፋል።

ነርሲንግን በተመለከተ፣ እህትዎ ለእርስዎ አስበው ነው። እኛ ዘንድ ሥራ የጠፋበት ሰው ሁሉ ወደ ነርሲንግ ይሸኛል። ሙያውን የሚወዱት ከሆነ ይግቡበት፤ ለመገላገል ብቻ ከሆነ ግን 11 ዓመት መጣል ነው። አንድ መድኃኒት ፓተንቱ ሲያበቃ ምርመራው አይቆምም፤ ተመሳሳዩን የሚያመርቱት ኩባንያዎች ላቦራቶሪ ይገባል። መጀመሪያ ወደ እነዚህና ለሌሎች በውል ወደሚያመርቱት ያመልክቱ። በሥራ ታሪክዎ ላይ «የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ» ብለው አይለፉት፤ የሠሩባቸውን መሣሪያዎች በስም፣ ከመስፈርት የወጣ ውጤት መርምረው መንስኤውን ያገኙበትን ጊዜ በዝርዝር ይጻፉ።

መግቢያ ባጅዎ ሳይወሰድ የሥልጠና ምስክር ወረቀቶችዎን ቅጂና የባልደረቦችዎን የግል ስልክ ይያዙ። የኩባንያውን ሰነድ ግን አንድም ገጽ ይዘው አይውጡ።