ኮዱ ክፍት ነው፤ ፑል ሪኩዌስት መቀበል ግን ሌላ ጉዳይ ነው

ወንድማችን፣ «ፕሮጀክቱ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት) ከሆነ ፑል ሪኩዌስቴን (ለውጤን ተቀበሉ ብዬ የላክሁትን ጥያቄ) ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አሉት?» ብለሃል። ላይሰንሱ (የአጠቃቀም ፈቃዱ) የሰጠህ ኮዱን የመጠቀም፣ የመቀየርና የማሰራጨት መብት ነው። የሜንቴነሩን፣ ማለትም ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድረውን ሰው፣ ጊዜ አልሰጠህም።

ኤስኪውላይት የተባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር እይ። ኮዱን ማንም እንዳሻው ይጠቀምበታል፤ ከውጭ ለሚመጣ ኮድ ግን ክፍት እንዳልሆኑ ድረ ገጻቸው ላይ በግልጽ ጽፈዋል። ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ደግሞ ከማንም ይቀበላል፣ ግን በራሱ ሥርዓት፦ ፓች (የኮድ ለውጥ) የሚላከው በኢሜይል ነው፣ እያንዳንዱ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ላይም «ሳይንድ ኦፍ ባይ» የሚል የፊርማ መስመር ያስፈልጋል። ጊትሀብ (ኮድ የሚጋሩበት ድረ ገጽ) ላይ ባለው ቅጂ ፑል ሪኩዌስት ብትከፍት ተቀባይ የለህም።

ስለዚህ ኮድ ከመጻፍህ በፊት የተዘጉትን ፑል ሪኩዌስቶች ክፈትና በቅርብ የገቡት የማን እንደሆኑ ተመልከት። ሁሉም የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ከሆኑ ተስፋህን ቀንስ። ከትንሽ ማስተካከያ ያለፈ ነገር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ኢሹ (ችግር ወይም ሐሳብ የሚቀርብበት ገጽ) ከፍተህ «እንፈልገዋለን» የሚል መልስ ጠብቅ።

አሁን ለላክኸው፦ ቴስቱ (ኮዱን በራሱ የሚፈትሸው ፕሮግራም) አልሮጠም ብለህ አትደንግጥ፤ ጊትሀብ ላይ የአዲስ ሰው ቴስት ሜንቴነሩ እስኪፈቅድ ሊቆም ይችላል። ይልቅ ዲፉን (የተቀየሩትን መስመሮች ዝርዝር) ተመልከት። ኤዲተርህ ፋይሉን በሙሉ ፎርማት አድርጎት (የአጻጻፍ አደራደሩን ቀይሮት) ከሆነ የ5 መስመር ማስተካከያህ 400 መስመር መስሎ ይታያል፣ ያንን ደግሞ ማንም ቁጭ ብሎ አያነብልህም። ፎርማቱን መልሰህ ማስተካከያውን ብቻ አስቀር። ኮንፍሊክት (ከሌላ ለውጥ ጋር ግጭት) ካለ ሪቤዝ አድርግ፣ ማለትም ለውጥህን በአዲሱ ኮድ ላይ መልሰህ አስቀምጥ። ከዚያ የትኛውን ኢሹ እንደሚፈታና እንዴት እንደሞከርከው የሚናገር አንድ አስተያየት ጻፍና ሁለት ሳምንት ጠብቅ።

ሜንቴነሩን በግል አካውንቱ አታሳድደው። በ2024 የተጋለጠውን የኤክስዜድ (የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር) ጉዳይ አስታውስ፦ የደከመውን ሜንቴነር «ሥራው ዘገየ፣ ለሌላ ሰው አስረክብ» እያሉ የወተወቱ አካውንቶች ነበሩ፤ ኃላፊነቱን የተጋራው ሰው በኋላ 5.6.0 እና 5.6.1 ሥሪቶች ላይ የጓሮ በር (የሚስጥር መግቢያ ኮድ) አስገባ። ከዚያ ወዲህ የሚያጣድፍ እንግዳ ቢጠረጠር አይገርምም።

ያም ሆኖ ዝም ካሉህ ፎርክ አድርግ፣ ማለትም የራስህን ቅጂ ያዝ። ለውጥህን በአንድ ትንሽ ኮሚት ያዘው፤ አዲስ ሪሊዝ (ሥሪት) በወጣ ቁጥር ሪቤዝ ማድረጉ ይቀልሃል። የላይሰንስ ፋይሉንና የኮፒራይት መስመሩን እንዳትሰርዝ። ለሌሎች የምታሰራጨው ከሆነ ግን ስሙንና ሎጎውን ቀይር፤ ብዙ ጊዜ የንግድ ምልክት ላይሰንሱ ውስጥ አይካተትም።