ጎበዝ ራዲዮሎጂስት ሪፖርቱን ከፈረመ በኋላ ምን ያደርጋል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ባጭሩ እንዲህ ነው ያልሽው፦ የራዲዮሎጂ (ራጅ፣ ሲቲ ስካንና የመሳሰሉትን ምስሎች አንብቦ ሪፖርት የመጻፍ ሙያ) ሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊስትነት ሥልጠና፣ ልትጀምሪ ነው፤ በሙያው አንቱ የተባሉት ስፔሻሊስቶች እንዴት እዚያ እንደደረሱ ማወቅ ትፈልጊያለሽ። የትኛው ሰብ ስፔሻሊቲ (በሙያው ውስጥ ያለ ጠባብ ዘርፍ) ይሻላል፣ አማካሪ እንዴት ይመረጣል፣ ማዕረግና ትልቅ ሆስፒታልስ ያስፈልጋሉ ወይ፣ ኮምፒውተሩስ ሥራችንን ይወስደዋል ወይ የሚሉትንም ጨምረሻል። ከኔ በፊት የመለሱት አብዛኞቹ "ብዙ አንብቢ፣ ብዙ ምስል እዪ" ብለዋል። ልክ ናቸው። ግን ነገሩ ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ረጅም ዓመት የሠራን ሁላችን አንቱ በተባልን ነበር። እንደዚያ አይደለም።

እኔ በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አጠገባቸው ተቀምጬ የተማርኩባቸውን ሰዎች ሳስባቸው ከሌላው የሚለያቸው አንድ ልማድ ነው። ሪፖርቱን ፈርመው አይረሱትም። ቀዶ ሐኪሙ ሲከፍተው ምን አገኘ? ባዮፕሲው (ለምርመራ የተወሰደው ናሙና) ምን አለ? ታካሚው ከሦስት ወር በኋላ እንዴት ሆነ? ይሄን ይከታተላሉ። ማንም ሳያዛቸው ነው የሚያደርጉት።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን የእኛን ሥራ ጠባይ አስቢው። የውስጥ ደዌ ሐኪም የሰጠው መድኃኒት ካልሠራ ታካሚው ተመልሶ ይመጣና ይነግረዋል። የእኛ ሪፖርት ግን ከወጣ ወጣ ነው። ትክክል ብትሆኚም ብትስቺም ስልኩ አይጮህም። ስለዚህ አንድ ሰው አሥር ዓመት ሙሉ ያንኑ ስህተት እየደገመ "ልምድ አለኝ" ብሎ መኖር ይችላል። ሄንሪ ጋርላንድ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ራዲዮሎጂስት ይሄን ጉዳይ ገና በ1940ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አደባባይ አውጥቶታል። የሠለጠኑ ባለሙያዎች ችግር ካለባቸው የደረት ራጆች 30 በመቶ ያህሉን እንደሚያልፏቸው አሳየ። በወቅቱ ብዙ ሰው አልወደደለትም። ዛሬ ግን ስለ ምስል ንባብ ስህተት የሚጽፍ ሁሉ እሱን ሳይጠቅስ አያልፍም።

ከአስተማሪዎቼ አንዷ ትንሽ ደብተር ነበራት። የታካሚውን የካርድ ቁጥር፣ ያለችውን፣ ደግሞም ምን ያህል እርግጠኛ እንደነበረች ትጽፍበታለች። ትኩረቷ ያ ሦስተኛው ላይ ነበር። "ካንሰር ነው" ያለችውና "ካንሰር ሳይሆን አይቀርም" ያለችው ምን ያህሉ እውነት ሆኖ እንደተገኘ ለየብቻ ታውቃለች። በዚህ ምክንያት ቀዶ ሐኪሞቹ የሪፖርቷን ቃላት ሚዛን ያውቁት ነበር። "ሳይሆን አይቀርም" ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባቸዋል። አሁን ደብተርም አያስፈልግሽም። ፓክሱ (ምስሎቹ የሚቀመጡበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ የራስሽን ፎልደር ክፈቺና በሳምንት አንድ ቀን ተመለሺበት። ገና ከመጀመሪያው ወር ጀምሪው፤ በኋላ ጊዜ አይኖርሽም።

(በነገራችን ላይ "ከክሊኒካል ሁኔታው ጋር ይገናዘብ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በየሪፖርቱ ግርጌ መለጠፍ አትልመጂ። የላከው ሐኪም እንደሚያገናዝብ ያውቃል። እኛ ለመሸሽ ስንፈልግ ነው የምንጽፋት።)

ዓይናቸውስ? አዎ፣ ልዩ ነው። በ1975 ሃሮልድ ኩንደል እና ካልቪን ኖዲን ለራዲዮሎጂስቶች የደረት ራጅ ለ0.2 ሰከንድ ብቻ ብልጭ አድርገው አሳዩአቸው። ዓይን ከቦታ ቦታ ለመንቀሳቀስ እንኳ አይበቃም። እንደዚያም ሆኖ ችግር ካለባቸው ምስሎች 70 በመቶ ያህሉን ለዩ። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ ሙሉውን ምስል አይቶ "እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ" ይላል፤ ፍለጋው ከዚያ ይቀጥላል። ጀማሪ ከጥግ እስከ ጥግ ይለቅማል። መጀመሪያ ላይ እንደዚያ መልቀምሽ ደግሞ ተገቢ ነው፤ አትፈሪበት።

ይሄው ዓይን ግን ጉድ ይሠራል። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ላይ 24 ራዲዮሎጂስቶች በሳንባ ሲቲ ስካን ውስጥ ኖዱል (ትንሽ ክብ እብጠት) እንዲፈልጉ ተጠየቁ። ተመራማሪዎቹ ምስሉ ውስጥ የጎሪላ ሥዕል አስገብተው ነበር። ከተለመደው ኖዱል 48 እጥፍ ይተልቃል። 20ዎቹ አላዩትም። የዓይናቸውን እንቅስቃሴ ሲከታተሉት አብዛኞቹ ጎሪላው ላይ ቀጥ ብለው አይተው ነው ያለፉት! ማንም ቢሆን የሚያገኘው የሚፈልገውን ነው። ስለዚህ ምን መፈለግ እንዳለብሽ የሚነግርሽ ሰው ያስፈልግሻል። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ "ሆድ ሕመም" ብቻ ከተጻፈ ስልክ አንሺና ደውዪ። የማውቃቸው ምርጦቹ ሁሉ በቀን ውስጥ ደጋግመው ይደውላሉ። አንዳንዱ ሬዚደንት ይሄን ጊዜ ማባከን አድርጎ ያየዋል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም እኮ።

የታሪኩን ሰዎች ብታዪም ያው ነው። ጆን ካፊን ውሰጂ። መነሻው የሕፃናት ሐኪም ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በሚሠራበት የሕፃናት ሆስፒታል ራጅ ማንበብን በራሱ ጥረት ተማረ። በ1946 ስለ ስድስት ሕፃናት ጻፈ። ሁሉም በአንጎላቸው ሽፋን ሥር የቆየ ደም ነበራቸው። የእጅና የእግር አጥንቶቻቸው ላይ ደግሞ በድምሩ 23 ስብራት አገኘ። አጥንቱን ሊሰብር የሚችል አደጋ ደረሰ ብሎ የተናገረ የለም። የጭንቅላቱን ደም አንዱ፣ የአጥንቱን ስብራት ሌላው ለየብቻ ሲያየው ኖሯል። አንድ ላይ አድርጎ "ይሄ ልጅ ምን ደርሶበት ነው?" ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። የሕፃናት ድብደባ በሕክምናው ዓለም ስም ወጥቶለት በይፋ መነጋገሪያ የሆነው ገና በ1962 ነው። ካፊ የሕፃናት ሐኪም ባይሆን ኖሮ ያን ጥያቄ ይጠይቅ ነበር? አይመስለኝም። ስለዚህ አሁን በጠቅላላ ሐኪምነት የምታሳልፊውን ጊዜ እንደባከነ አትቁጠሪው።

ቻርልስ ዶተር ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ውስጥ ነበር የሚሠራው። በ1963 የደም ቧንቧ ምስል ሊያነሳ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ሲያስገባ፣ የተዘጋ ቧንቧ ሳያስበው ከፍቶ አለፈ። ሌላ ሰው ቢሆን "ተመስገን፣ ጉዳት አልደረሰም" ብሎ ይረሳው ነበር። እሱ ግን ሆን ተብሎስ ቢደረግ ብሎ አሰበ። ጥር 1964 ላይ የ82 ዓመት ሴት ወደ እሱ ተላኩ። እግራቸው ጋንግሪን (የሥጋ መሞት) ጀምሮታል፣ ሐኪሞች ይቆረጥ ብለዋል፣ እሳቸው በጄ አላሉም። ዶተር የጠበበውን ቧንቧ በካቴተር አሰፋው። እግሩ ሞቀ፤ ሴትየዋም እስኪሞቱ ድረስ በሁለት እግራቸው ሄዱ። ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂ የምንለው፣ ማለትም ምስል እያዩ በካቴተርና በመርፌ ማከም፣ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ቀዶ ሐኪሞቹ ግን ወዲያው አልተቀበሉትም። አንዱ የምርመራ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ "አሳየን፣ ለመጠገን ግን አትሞክር" ብሎ በትልቁ ጽፎለታል። እሱ ግን ጠገነው።

ዶተር የተጠቀመበትን መንገድ የጠረገው ደግሞ ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር ነው። በ1953 ስቶክሆልም ውስጥ ገና ወጣት ሐኪም ሳለ መርፌ፣ ሽቦ፣ ከዚያ ካቴተር የሚለውን ቅደም ተከተል አሳተመ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ሴንትራል ላይን (ትልቅ የደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) የሚያስገባ ሁሉ በእሱ ዘዴ ነው የሚሠራው። የሚገርመው፣ ለዶክትሬት ጽሑፍ አይበቃም ተብሎ በሌላ ርዕስ መጻፍ ነበረበት። በኋላም ወደ ተወለደባት ትንሽ ከተማ ወደ ሞራ ተመልሶ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ሆስፒታል ሠራ። ስለ ማዕረግና ስለ ትልቅ ሆስፒታል ስለጠየቅሽ ነው ይሄን የማነሳው።

ሲቲ ስካንን ሁሉም የሚያያይዘው ከሃውንስፊልድ ጋር ነው፤ ይገባዋልም። መሐንዲስ ነበር፤ በ1979 ከፊዚክስ ሊቁ አለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ወስዷል። እኔ ግን ጄምስ አምብሮዝን አስታውስሻለሁ። ለንደን፣ አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የነበረ ራዲዮሎጂስት ነው። ጥቅምት 1 ቀን 1971 የመጀመሪያዋ ታካሚ በማሽኑ የታየችው በእሱ ክፍል ነው። ምስሉ የአንጎል ዕጢ አሳየ፣ ቀዶ ሐኪሙ ከፈተው፣ ምስሉ ላይ የታየውን አገኘ። ሃውንስፊልድ ቁጥሮቹን ያውቃል፤ አንጎል ውስጥ መታየት ያለበት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን አምብሮዝ ነው። ከመሐንዲስ ጋር ተቀምጦ መነጋገር የሚችል ራዲዮሎጂስት ያኔም ብርቅ ነበር፤ ዛሬም ያው ነው።

ወደ ሰብ ስፔሻሊቲው ልምጣ። የጊዜውን ነገር ታውቂዋለሽ፦ እንግሊዝ አገር የራዲዮሎጂ ሥልጠናው 5 ዓመት፣ ኢንተርቬንሽናል ከሆነ 6 ነው። አሜሪካ አንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ፣ 4 ዓመት ሬዚደንሲ፣ ከዚያ አብዛኛው ሰው የአንድ ዓመት ፌሎሺፕ (የሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና) ይጨምራል። ምርጫው ላይ ሰዎች የሚያተኩሩት ገቢና ተረኝነት ላይ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ከየትኞቹ ሐኪሞች ጋር ዕድሜሽን ብታሳልፊ ደስ ይልሻል? ኒውሮራዲዮሎጂ ማለት ከኒውሮሎጂስትና ከአንጎል ቀዶ ሐኪም ጋር መኖር ነው። የአጥንትና ጡንቻው ከአጥንት ሐኪሞች ጋር ነው። የሕፃናቱ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አልትራሳውንድ ላይ የሚራገጥ ልጅ አለ፣ አጠገብሽ የምትጨነቅ እናት አለች።

የጡት ራዲዮሎጂን ብዙዎች ይንቁታል። ተሳስተዋል። የተናገርሽው እውነት መሆኑን በቶሎ የምታውቂበት ክፍል እሱ ነው። ማሞግራሙን (የጡት ራጁን) አንብበሽ፣ ባዮፕሲውን ራስሽ ወስደሽ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ውጤቱን ታያለሽ። ላዝሎ ታባር ስሙ የገነነው እንደዚህ ነው። ስዊድን፣ ፋሉን ውስጥ እያንዳንዱን ማሞግራም ከፓቶሎጂው (ከናሙናው የላቦራቶሪ ውጤት) ጋር ጎን ለጎን እያደረገ ተማረበት፣ አስተማረበት። በ1977 የተጀመረውና እሱ የመራው ሰፊ ጥናት በ1985 ሲታተም፣ ለምርመራ የተጋበዙት ሴቶች በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው 31 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን አሳየ። ስለ ጥቅሙና ጉዳቱ ክርክሩ ዛሬም አልቆመም፤ በዚህ ጉዳይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። በንባብ ችሎታው ግን የሚከራከር አላየሁም።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በ2016 የዘርፉ ታዋቂ ተመራማሪ ጄፍሪ ሂንተን ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን አሁኑኑ ማቆም አለብን ብሎ ነበር። በ5 ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል አለ። ያ ጊዜ ካለፈ ቆየ፤ እኛ ደግሞ የሚነበበው ምስል በዝቶብን እየጮህን ነው። ማሽኑ አይረባም ማለቴ አይደለም። ከ80 ሺህ በላይ ሴቶች በተካፈሉበት በአንድ የስዊድን ጥናት፣ ማሞግራም በማሽን ታግዞ ሲነበብ የራዲዮሎጂስቶቹ የንባብ ሥራ በ44 በመቶ ቀንሷል፤ የተገኙት ካንሰሮችም አላነሱም። ውጤቱ የወጣው በ2023 ነው። እኔ ራሴ ያለ እሱ መሥራት የማልፈልጋቸው ሥራዎች አሉ። ሥራሽ ምስል አይቶ "አለ" ወይም "የለም" ማለት ብቻ ከሆነ ግን ማሽኑ ሊያሰጋሽ ይገባል። ቀዶ ሐኪሙ ደውሎ "እንክፈተው ወይስ እንጠብቅ?" ሲልሽ የምትመልሺለት ነገር ካለሽ ስጋቱ ብዙም አይመለከትሽም።

አማካሪ እንዴት ልምረጥ ላልሽው ደግሞ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፍኬት አትቁጠሪ። በሆስፒታሉ ያሉ ቀዶ ሐኪሞች የራሳቸው ወይም የእናታቸው ምስል ሲሆን ለማን እንደሚያስነብቡ በጨዋታ መሃል ጠይቂያቸው። አንድ ሁለት ስም ተደጋግሞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ አይደለም። የዚያን ሰው የቲዩመር ቦርድ (ሐኪሞች በካንሰር ታካሚዎች ጉዳይ ተሰብስበው የሚመክሩበት) ቀን አጣሪና ባትጋበዢም ሄደሽ ከኋላ ተቀመጪ።

ኢንተርቬንሽናልን እያሰብሽ ከሆነ ግን ከመወሰንሽ በፊት አንድ ወር ከእነሱ ጋር ተረኛ ሁኚ። ከጨረር የሚከላከለው የእርሳስ ጋውን ለሰዓታት ትከሻ ላይ ሲከብድ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደም የሚፈስሰው ታካሚ ሲመጣ፣ ያኔም ደስ የሚልሽ ከሆነ ግቢበት። ካልሆነም ገና ብዙ በር አለሽ። ከዚያ በኋላ የሚቀርሽ ጥያቄ ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ማታ ማታ እገባለሁ።